ሰሊጥ ስታበጥር ስለተያዘችው የልጆች አማካሪ

ለተከበሩ የጤና መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ፤

ስምዎን ያልጻፍሁት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት የሹም ስም አይንጠለጠልም ተብዬ ስላደግሁ ነው።

ግልባጭ፦ ለአብዱረሕማን ሱቅ በራፍ፣ ለመናኸሪያው ትኬት መቁረጫ ግድግዳ፣ እንዲሁም ቆሞ ማንበብ ለማይሰለቸው መንገደኛ ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የጤና ኃላፊው እርስዎ ስለሆኑ ጤና ከእርስዎ ዘንድ ይጠፋል ብዬ አልሰጋም። ቢሆንም የቆላችን ሙቀትና የወባ ትንኛችን ሹመት አይተው የማያልፉ ባለጌዎች ናቸውና፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ሳይቆም፣ መብራቱም ሳይሄድብዎ፣ በሙሉ ጤንነት እንዲከርሙ ምኞቴ ነው። እኔ እንደ ሰባ ሦስት ዓመት ሰው ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ አስፋልት ልሻገር ባሰብሁ ቁጥር ቀድሞኝ ይደክማል።

ዋሴ ትዕዛዙ እባላለሁ። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር አርባ ዓመት ሰሊጥና ማሽላ ያረስሁ ገበሬ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች አስራ አንድ ዓመት ሆናት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍሁት ፊርማዬን ብቻ ስለሆነ መስመሩ ቢንሻፈፍብዎ አይፍረዱብኝ። መናኸሪያው በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ፣ ባየልኝ፣ ‹‹ጋሽ ዋሴ፣ እኔ ልጻፍልዎ፤ እርስዎ ይቆጣሉ›› ብሎኝ ነበር። የራሴን ቁጣ ለሌላ ሰው እንደማላስጽፍ ነግሬው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ገዝቼ ተመለስሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው፤ በመሐል እንዳይጠፋብዎ አስቀድሜ ልንገርዎ። ኢኽላስ የምትባለውን የልጆችና የወጣቶች ምክር ባለሙያ ከሥራ አግደዋታል። በመጪው ሐሙስም የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀምጦ ያሰናብታታል ይባላል። ጥፋቷ በመንግሥት የሥራ ሰዓት የግለሰብ ሰሊጥ ስታበጥር እጅ ከፍንጅ መያዟ ነው። ያ ግለሰብ እኔ ነኝ።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ግን ሰሊጡን አብራት ስታበጥር የነበረችውን ልጅ ላስተዋውቅዎ። የልጅ ልጄ እስከዳር ትባላለች፤ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ መንበረ ያለችኝ አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷን አታውቀውም፤ እኛም አናነሣውም። አምና በጥቅምት፣ የአጨዳው ጥድፊያ ላይ፣ እናትና ልጅ ከሠራተኛ ጋር በትራክተር ተሳቢ ተጭነው ከማሳ ሲመለሱ፣ ተሳቢው ወንዙ መውረጃ ላይ ተገለበጠ። ከመንበረ በቀር የሞተ የለም። ሰው ሮጦ መኪና ይዞ እስኪመለስ ድረስ ልጅቷ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከዳር አልተናገረችም። ትሰማለች፣ ትታዘዛለች፣ ውሃ ትቀዳለች፤ ቃል ግን የላትም። ሞተር በሰማች ቁጥር፣ የባጃጅም ቢሆን፣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ከተማችን ደግሞ እንደሚያውቋት ሞተር የማይሰማባት ሰዓት የላትም።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይኸውልዎ።

፩ኛ. ክፍሉን ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። በሚያዝያ ወር ወደ ጤና ጣቢያችን መጥተው ሪባን ቆርጠው፣ ‹‹የሕፃናትና የወጣቶች የሥነ ልቦና ምክር ክፍል›› የሚለውን ሰሌዳ ገልጠው፣ ከእንግዲህ በዚህ ቀበሌ አንድም ልጅ በዝምታ አይሰቃይም ብለው በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ እኔም ከኋላ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። አብራኝ የነበረችው እስከዳር ግን የጄኔሬተሩን ድምፅ ሰምታ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተሸሽጋ ስለነበር ንግግርዎን አልሰማችም፤ ይቅርታ ይደረግላት። በሳምንቱ ክፍሉ ውስጥ አጎበር ገባ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ በር የሚገፋበት ቦታ እስኪጠፋ። አጎበሩ እኛን ከወባ ሊጠብቅ የመጣ ነበር፤ አሁን ግን ክፍሉ አጎበሩን ከእኛ ይጠብቃል። ሰሌዳው በደህና አለ። ቀለሙም አልለቀቀም።

፪ኛ. ስለ አቀባበሉ አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ መጀመሪያ አልመጣሁም። ማውራት መድኃኒት ቢሆን የመናኸሪያ ደላላ ሁሉ መቶ ዓመት ይኖር ነበር እያልሁ ስስቅ ከረምሁ። ፀበል ወሰድኋት፤ ፀበሉን አላማም፣ እንቅልፍ ሰጥቷታል። ቃሏ ግን አልተመለሰም። በሰኔ ወር ሠላሳ ዓመት ስኳርና ጨው የሸጠልኝ አብዱረሕማን ‹‹ጋሽ ዋሴ፣ ትራክተር ሲቆምብዎ መካኒክ ይጠራሉ። ለዚች ልጅ ሲሆን ምን ያኮራዎታል?›› አለኝ። ሁለት ሳምንት አኩርፌው ጨው ከማዶ ገዛሁ። የማዶው ጨው እርጥብ ስለሆነ ተመለስሁ፤ ልጅቷንም ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድሁ።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወባ ሊመረመር የተሰለፈው የሰሊጥ ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ ‹‹የጭንቅላቷ ልጅ ትቅረብ›› ብላ ጠራችን። ስንት ራስ እንደዞረ አልቆጠርሁም። እስከዳር አልዞረችም፤ እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ቀጥሎ ቅጽ ተሞላ። ቅጹ ችግሯን በራሷ አንደበት ትግለጽ ይላል። ችግሯ አንደበቷ ነው አልኋት። ሠራተኛዋ ብዙ አሰበችና ‹‹ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለችም›› ብላ ጻፈች። የወላጅ እናት ፊርማ በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ‹‹ያልቀረበችበት ምክንያት›› የሚል መስመር አለ። እኔ ሞላሁት። በሕይወቴ ከጻፍኋቸው ቃላት ሁሉ የከበደኝ ያ ነው።

፫ኛ. ለባለሙያዋ ስለሰጧት የሥራ መሣሪያ አመሰግናለሁ፤ አንድ መዝገብና ቀለም የሌለው ማኅተም። ክፍሏ በአጎበር ስለተያዘ ኢኽላስ ከጤና ጣቢያው ጀርባ በሳር የተከደነችውን ዳስ፣ እኛ ረኩባ የምንላትን፣ ጠርጋ ሁለት በርጩማ ከቤቷ አመጣች። ልጅ እግር ናት፤ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ሳያት ይቺ ደግሞ ለራሷ እናት የምትፈልግ ናት አልሁ። ለእስከዳር ምንም አልጠየቀቻትም። ስሟን ነግራት አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ‹‹ማክሰኞ እጠብቅሻለሁ›› አለቻት። በቃ። በሁለተኛው ማክሰኞም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም። እኔ እንጨት ላይ ተቀምጬ ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈላት እያልሁ አጉረመርማለሁ።

በአራተኛው ማክሰኞ ወደ እኔ መጥታ እናትና ልጅ አብረው ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሰሊጥ ያበጥሩ ነበር አልኋት። መንበረ ሰፌድ ስትይዝ እንክርዳዱ ራሱ አፍሮ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ ልጅቷ ደግሞ ጠጠር ለቃሚዋ ነበረች። እቤት አለ ወይ አለችኝ። ነበረ። መንበረ በሞተችበት ሳምንት ያመጡት አንድ ጆንያ ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ነበር፤ ልፈታውም ልሸጠውም አልሆነልኝም። ‹‹አንድ ሰፌድ ያህል ያምጡልኝ፤ እርስዎ ከከበደዎት ግን ይቅር›› አለችኝ። ለእኔ ምን ይከብደኛል ብዬ ተቆጣሁ። ሄጄ ጆንያውን ለመፍታት ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲያ በየማክሰኞው ሁለቱ ሰፌድ ይዘው ይቀመጣሉ። ኢኽላስ ማበጠር አትችልም፤ ነፋሱን ትታ ወደ ፊቷ ታበጥራለች፤ እብቁ ሁሉ ሻሿ ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ቀን እስከዳር ሰፌዱን ከእጇ ተቀብላ ወደ ነፋሱ አዞረችላት። ከእናቷ ሞት በኋላ ለሰው አንድ ነገር ስታሳይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በነሐሴ ባጃጅ ሲያልፍ ሰፌዷን አጥብቃ ይዛ ቀና ሳትል ጠጠሯን መልቀም ጀመረች። በጳጉሜ በአፍንጫዋ የሆነ ዜማ ታንጎራጉር ነበር፤ የመንበረ ነው።

ኢኽላስ ፀበሉን ይተዉ አላለችኝም። እኔንም አልተወችኝም። አንድ ቀን በርጩማዋን ወደ እኔ አስጠግታ ‹‹እርስዎስ እንዴት ነዎት?›› አለችኝ። ዝናቡ ዘገየ አልኋት። ‹‹እርስዎን ነው የጠየቅሁት›› አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ሰው ሁሉ ‹‹ልጅቷ እንዴት ናት?›› ይለኛል እንጂ ልጁን የቀበረውን ሰውዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ዓይኔ ውስጥ እብቅ ገብቶ ነበር።

፬ኛ. ስለ ድጋፋዊ ክትትሉ በተለይ አመሰግናለሁ። በመስከረም መጨረሻ ማክሰኞ ዕለት ተቆጣጣሪዎ መጡ። ደጋፊ መሆናቸውን በደረታቸው ላይ ከተንጠለጠለው ወረቀት አነበብሁ። ክፍሉን ሊከፍቱ ሞከሩ፤ አጎበር ወደቀባቸው። ‹‹ባለሙያዋ የት አለች?›› ሲሉ የጥበቃው ሰው ወደ ጀርባ ጠቆማቸው። መጥተው ቆሙ። ኢኽላስና እስከዳር ሰፌድ ይዘዋል፤ መሐላቸው ሰሊጥ አለ። እንግዲህ በእኛ አገር በመስከረም የመንግሥት ሠራተኛ ከወንበሩ ከጠፋ ሰሊጥ ላይ እንዳለ ሕፃን ልጅም ያውቃል። መምህሩም ይጠፋል፣ ቆጣሪ አንባቢውም ይጠፋል፣ የተከራየውን ማሳ ሊያሳጭድ ነው። ተቆጣጣሪዎ ይህን የሚያውቁ የአገሩ ሰው ናቸው። ያዩትን አዩ፤ የሚያውቁትንም ጨመሩበት።

ከሰፌዱ ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ ጣሉና ‹‹ይህ የማን ሰሊጥ ነው?›› አሉ። ማስረጃ የሚበላ ተቆጣጣሪ ያኔ አየሁ። የእኔ ነው አልሁ። ቀጥለው ‹‹ልጅቷስ ታማ ነው እዚህ ያለችው?›› አሉ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። ወባ ሊመረመር የመጣው ሠራተኛ አጥሩን ተደግፎ ያያል። ጎረቤቴ ምንይችል ከነሚስቱ ቆሟል። ‹‹የጭንቅላቷ ልጅ›› የተባለው ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። እኔ በዚህች ከተማ አርባ ዓመት አንገቴን ቀና አድርጌ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንገቴን ቀና አደረግሁና እንዲህ አልሁ፤ ‹‹የእኔ የልጅ ልጅ ምንም አልሆነችም። ሰሊጡን እንዲያበጥሩልኝ ነው ያመጣሁት።››

ውሸቴን ነበር። ተቆጣጣሪዎ በደስታ ጻፉት። ኢኽላስ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር ትድን ነበር፤ ‹‹ይቺ ልጅ ታካሚዬ ናት›› ብትል ያበቃ ነበር። አላለችም። እርሷ ዘንድ የሚመጣን ልጅ ገመና በሰው ፊት አታወጣም፤ መጀመሪያ ቀን ይህንኑ ነግራኝ እኔ ስለ ወግ የምታወራ መስሎኝ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ‹‹ሰሊጥ ስናበጥር ነበር›› ብቻ አለች። እስከ ዛሬም ለኮሚቴው ሌላ ቃል እንዳልሰጠች ሰምቻለሁ። እኔ ስሜን ለማዳን የተናገርሁትን እርሷ የልጅቷን ምስጢር ለመጠበቅ ተሸከመችው።

፭ኛ. ስለ እግድ ደብዳቤው ጥራት አመሰግናለሁ፤ በራችሁ ላይ ስለለጠፋችሁት ቆሜ አንብቤዋለሁ። አንድ ሰፌድ ሰሊጥ ከረኩባው እስከ ቢሮዎ ሲደርስ ‹‹ግምቱ አንድ ኩንታል›› ሆኗል። በአርባ ዓመት እርሻ እንዲህ ያለ ምርት አላየሁምና ዘሩን ቢያካፍሉኝ። ‹‹የሕፃን ጉልበት በመበዝበዝ›› የሚልም አለበት፤ ዓመት ሙሉ ያቺን ሕፃን ፈልጎ ያልመጣ መሥሪያ ቤት ጉልበቷን ለማዳን በአንድ ቀን መድረሱ አስደንቆኛል። በሦስት ወር በክፍሉ ውስጥ የተስተናገደ ልጅ ዜሮ ነው ይላል። ልክ ነው። በክፍሉ ውስጥ የተስተናገደው አጎበር ነው። ረኩባዋ ሥር በየሳምንቱ ሲመላለሱ ያየኋቸው አስራ አንድ ልጆች ግን ጣሪያቸው ሳር ስለሆነ ለቆጠራ አልበቁም። ከነርሱ መሐል ኑሮ ያስመረራት አለች፤ መንገድ ላይ ያየውን አይቶ የመጣ አለ፤ የሌሎቹን አላውቅም፣ ኢኽላስም አትነግረኝም። ዛሬ ሁሉም ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሄዱበት የላቸውም።

ከእግዱ በኋላ በመጣው ማክሰኞ እስከዳር ሰፌዷን ይዛ ቀደመችኝ። ኢኽላስ ታግዳለች ብዬ መንገር አቅቶኝ ተከተልኋት። ረኩባው ውስጥ ሰው የለም፤ በርጩማዎቹም የሉም። መሬት ላይ ተቀምጣ እስከ እኩለ ቀን ጠበቀች። ከዚያ ተነሥተን አስፋልቱ ዳር ስንደርስ የጭነት መኪና እያለፈ ነበር፤ ግድግዳ አልፈለገችም። ወደ እኔ ዞራ ‹‹አባባ፣ ለምን ዋሹ?›› አለችኝ።

ዓመት ጠብቄ የሰማሁት ቃል ይህ ነው። ድምፅዋ አድጓል፤ መናገር ስታቆም የልጅ ድምፅ ነበር። ስንት ፀበል፣ ስንት ስለት ቆጥሬ አንድ ቀን ትናገራለች ስል የምትናገረው ይህን ይሆናል ብዬ አላሰብሁም። እቤት ገብተን ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲህም አልደገመችም። የጠየቀ ሰው መልሱን እንደሚጠብቅ ነው የምታየኝ።

መልሱ ይህ ደብዳቤ ነው። ከመለጠፌ በፊት ለእስከዳር አንብቤላት ስምሽን ላውጣው ወይስ ልተወው አልኋት። እስክሪብቶውን ተቀብላ እኔ ‹‹የልጅ ልጄ›› ብቻ ብዬ ካለፍሁበት ቦታ በላይ ስሟን በራሷ እጅ ጻፈችው። ስለዚህ በአደባባይ እናገራለሁ፤ የልጅ ልጄ እስከዳር የኀዘን ሕመም ታማ የኢኽላስ ታካሚ ነበረች፣ እየዳነችም ነበር። ሰሊጡ የእናቷ ነው፤ ሥራ አልነበረም፣ ሕክምና ነበር። እኔ ዋሴ ትዕዛዙ ለተቆጣጣሪዎ ዋሽቻለሁ። ቅጣት ካለው ቅጡኝ፤ ኢኽላስን ግን መልሱልን። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ሳልጠራ እቀርባለሁ፤ ወንበር ባይኖር ቆሜ እመሰክራለሁ። ሌሎቹ ልጆች ግን ይቅሩ፤ የነርሱን ምስጢር ኢኽላስ ስለማታወጣው እኔም አላወጣውም።

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ጊዜዎን ወስጃለሁ። የሚፈርሙት የማያልቅ፣ የሚመርቁት የማይጠፋ፣ የሚቆርጡት ሪባን ሁሉ በአንድ መቀስ የሚበጠስልዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ወገቤም እስኪመልሰኝ ድረስ እዚያው ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ ‹‹ግለሰብ››፣
ዋሴ ትዕዛዙ
ኅዳር፣ በመንገድ ዳር ከተማችን

ከዘጋሁት በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ልሰጥ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢሮዎ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ‹‹መስክ ላይ ናቸው›› አለችኝ። እውነቷን ነው። ስመለስ በማሳው መንገድ አቋርጬ አየሁዎት፤ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ጥላ አድርገው፣ ነዶ ሲያስቆሙ። የማን ሰሊጥ ነው ብዬ ሠራተኞቹን ብጠይቅ ‹‹የኃላፊው›› አሉኝ። ጥሩ ሰሊጥ ነው፤ በወንዙ በኩል የቆመው ነዶ ግን ደርቆ አፉን መክፈት ጀምሯልና ሳይረግፍብዎ ያስራግፉት። ድጋፋዊ ክትትል ድንገት ቢደርስብዎም አይስጉ። እኔን ያስጠሩኝ፤ ሥራ ፈትተው አይደለም፣ ሕክምና ላይ ናቸው ብዬ እመሰክርልዎታለሁ።